ስለ ሞላ እጥረትና ስለ እትዬ መሄድ

ጥቅምት 4 ቀን

ለውድ የእህቴ ልጅ፣ ለሶፋ ሞላ ፈታኟ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጤናሽ የተሟላ፣ ክፍልሽ የሞቀ፣ አለቃሽም ደስ ያለው ይሁን። እኛ ደህና ነን። እናትሽ ደህና ናት። ሶፋ ቤቱም ደህና ነው። ባለፈው ሳምንት ይዞኝ የነበረው ጉንፋን ከኅብረቱ ከመውጣታችን ጋር አንዳችም ግንኙነት እንደሌለው በዚህ አጋጣሚ ላረጋግጥልሽ እወዳለሁ፤ አለው እያሉ የሚያስወሩ ስላሉ ነው።

እንደሰማሽው ሀገራችን ዕቃን በተመለከተ ከጎረቤት አገሮች ኅብረት ወጥታለች። ሰውን በተመለከተ የምትወጣው ደግሞ ጥር 30 ነው፤ ከዚያ በኋላ እናት ልጇን ለማየት እንኳ ቪዛ ትጠየቃለች። እንግዲህ ሰማይ ይደፋል ሲሉ ነበር። እኔ የከተማችን የ«እንውጣ» ኮሚቴ ተናጋሪ እንደመሆኔ በየጠዋቱ በረንዳ ላይ ወጥቼ አያለሁ። ሰማዩ እንዳለ ነው።

ይህን የማታምን አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ከመንገዱ ማዶ ያለችው ፋርማሲስት፣ ወይዘሮ ሽሮፕ። የ«እንቆይ»ዎቹ ተናጋሪ እሷ ናት። ከምሳ በኋላ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ትሻገርና ማንም ያልገዛው ቢጫ ሶፋዬ ላይ፣ መንገዱ ዳር፣ ትቀመጣለች።

«ጋሼ ምቾት፣ ዕቃው ይወደዳል፣ ሥራውም ይቀዘቅዛል» ትለኛለች።

«አንቺ ሰው ካልታመመ ስለማትኖሪ ነው» እላታለሁ።

«አንተስ ሰው ካልተቀመጠ መች ትኖራለህ? ሥራ የፈታ ሰው ደግሞ መሬት ላይም ይቀመጣል።»

መንገደኛው ቆሞ ይሰማል። ለሶፋ ቤቱ ማስታወቂያም ነው፤ እስካሁን የገዛ ባይኖርም።

አንድ ትንሽ ጉዳይ አለችኝ። ከእናንተ ፋብሪካ የሚመጣልን ሞላ ጉምሩክ ደጃፍ ላይ ጥቂት አረፍ ብሏል። ቀረ አላልኩም፤ አረፍ ብሏል። እስኪነሳ ድረስ ለናሙና የሚሆን ጥቂት ብትልኪልኝ አልጠላም።

ሌላው የእናትሽ ነገር ነው። «እማዬ፣ በሩ ሳይዘጋ ነይ» ብለሽ የላክሽላት ወረቀት ደርሷታል። መልስ አልሰጠችም። እኔም አላጣደፍኳትም። ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ጥር 20 በከተማው አዳራሽ ከወይዘሮ ሽሮፕ ጋር በአደባባይ እንከራከራለን። ርዕሱ «መውጣታችን ኑሯችንን ይጎዳዋልን?» የሚል ነው። እኔ አይጎዳም ባይ ነኝ። የገዛ እህቴ፣ ከኔ ጋር ስንት ዘመን የሶፋ ልብስ የሰፋች ሴት፣ ሻንጣዋን ይዛ ድንበር ስትሻገር ብታይ ሕዝቡ ምን ይላል? ስለዚህ እባክሽ ለጊዜው አትጎትጉቻት።

አጎትሽ


ጥቅምት 27 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ፣

ከፍ ያለ ሰላምታዬ ከነትራሱ ይድረስዎ። ትራሱ ውስጥ ጥጥ ያለ እንዳይመስልዎ። ሞላዎቹን ተጭኜ፣ በሲባጎ አስሬ፣ በጨርቅ ሰፍቼ ነው የላክኋቸው። ሲፈቱት ቀስ ብለው፣ ፊትዎንም ዘወር አድርገው ይሁን።

ሰማዩ እንዳለ በመሆኑ ደስ ብሎኛል። እዚህም አለ፤ ከፋብሪካው መስኮት ቁራጩ ይታየኛል። ሥራዬን ያውቁታል። ሞላውን ማሽኑ ላይ አቆማለሁ፤ ማሽኑ ደጋግሞ ይጫነዋል፤ ሲለቀው ወደ ቁመቱ ካልተመለሰ ቅርጫት ውስጥ ይጣላል። አንዳንዴ ሰውን እንዲህ ብንፈትን ስንቱ ቅርጫት በገባ እላለሁ። ስለ ኮሚቴ አባላት እያወራሁ አይደለም።

ሥራም ደህና ነው። እዚህም ምንም የተለወጠ ነገር የለም።

ስለ እማዬ ግን ጋሼ፣ አዝናለሁ። የእርስዎ ክርክር ጥር 20 ነው፤ በሩ የሚዘጋው ጥር 30 ነው። አውቶቡሱ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚነሳው። እማዬ የእርስዎ ማስረጃ ሆና የምትቀመጥ ከሆነ ቢያንስ እሷም ትወቀው። የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀቷን ጨርሼ ልኬያለሁ። መፈረም ብቻ ነው የሚቀራት።

ለወይዘሮ ሽሮፕ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ። እሷን እንኳ አልደግፍም፤ ግን ሰላምታ ነው።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 22 ቀን

ለውድ የእህቴ ልጅ፣

ጤና ይስጥሽ፣ እኔንም ትዕግሥት። ትራስሽ ደርሷል። እንዴት እንደደረሰ ግን ስሚ።

የጉምሩኩ ኃላፊ የኮሚቴያችን አባል ነው። «ከእንግዲህ መርፌ እንኳ ሳይፈተሽ ድንበራችንን አያልፍም» ሲል ከወንበሬ ተነሥቼ ያጨበጨብኩለት እኔ ነኝ። ሰውየው ቃሉን አክባሪ ሆኖ ተገኘ። ትራሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ጨብጦ፣ ጨብጦ፣ «ጋሼ፣ ይኼ ትራስ አጥንት አለው» አለኝ። ሳልመልስለት በመቀስ ሲባጎውን ቆረጠው።

ልጄ፣ ሞላዎቹ ብድግ አሉ። አንዱ አምፖል ሰበረ። አንዱ የጸሐፊዋን ሻይ ደፋ። አንዱ የኃላፊውን ኮፍያ ከነማዕረጉ ይዞት ሄደ። ወረፋ የያዘው ሕዝብ በሙሉ መሬት ላይ ተኛ።

«ምንድን ነው ይኼ?» አለ ኃላፊው ከጠረጴዛው ሥር ሆኖ።

ሌላ ቃል አልመጣልኝም። «ናፍቆት ነው» አልኩት። «የእህቴ ልጅ ናፍቆት።»

ብድግ ብሎ ደብተሩን ገለጠ። «ናፍቆት የሚቀረጠው በቁጥር ነው በኪሎ?»

ወረሱት። በሕጉ መሠረት ነው፤ በሕጉ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ሕጉን የደገፍኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ በራሳችን አቅም ልንሠራ ተነሣን። ጋራዥ ያለው ብረት ሠሪ «ሞላ እኮ ሞላ ነው፣ ምን ይከብዳል» አለ። ሰውየው የጭነት መኪና እንጂ የሰው መቀመጫ ሠርቶ አያውቅም። የመጀመሪያውን ሶፋ የኮሚቴው ሊቀመንበር ለጋዜጣ ፎቶ ተቀመጠበት። ሶፋው ሰው እንደተቀመጠበትም አላወቀ።

«ጠንካራ ነው» አለ ሊቀመንበሩ ወገቡን ይዞ።

«እንደ ሕዝባችን» አልኩ።

ለብረት ሠሪው ቢነገረው በሁለተኛው ላይ ሽቦውን አሳሳው። በዚያኛው ደግሞ ወይዘሮ ሽሮፕ ሳትጠየቅ ተቀመጠች። ሰመጠች። ጉልበቷ ከጆሮዋ ጋር ተስተካከለ። አፏ ግን አልሰመጠም፤ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ሆና ስለ ንግድ ሚዛን ሙሉ ትንታኔ ሰጠች። ሁለት እጇን ይዤ ስስባት «እንግዲህ ሁኔታችን በአጭሩ ይኼ ነው» አለችኝ። መንገደኛው ሳቀ። እኔም ትንሽ ሳቅሁ፤ ይህ ከዚህ ደብዳቤ አይውጣ።

ሁለቱ አናጢዎቻችን ዕረፍት ላይ ናቸው። ዕረፍቱን የጠየቁት እነሱ አይደሉም።

እናትሽ ወረቀቱን አልፈረመችም። በከፈይ ጨርቁ ጥቅል ውስጥ ስታስገባው አይቻታለሁ። እስቲ አስቢው፤ እዚያ ምን ትሠራለች? ቋንቋውን አታውቅ። ጎረቤት አታውቅ። አንቺ ቀኑን ሙሉ ፋብሪካ ነሽ። እዚህ ቢያንስ የምትቆጣው ወንድም አላት። ለእሷ አስቤ ነው። በዚያ ላይ የፋብሪካችሁ ሥራ እንዴት ነው? ባለፈው ደህና ነው ብለሽ ብቻ አለፍሽው። አንቺ ደግሞ ነገር በአጭሩ አታውቂም፤ እኔን መስለሽ ነው የወጣሽው።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 26 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምዎ ይብዛ። መልሱ ዘገየ። ፖስታ ቤቱ ላይ ማሳበብ እችል ነበር፤ እናንተም ከወጣችሁ ወዲህ እውነትም ይዘገያል። ያዘገየሁት ግን እኔው ነኝ። ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት።

ከኅዳር መጀመሪያ ጀምሮ ግማሽ ቀን ነው የምሠራው። ይህ ፋብሪካ ከሚሠራው ሞላ ብዙው የሚሄደው ወደ እናንተ ነበር። አሁን ካርቶኑ እስከ ጣራው ተከምሮ ቆሟል። ከመፈተኛው ማሽን አንስተው ማሸጊያ ክፍል አድርገውኛል፤ የሚታሸግ ግን የለም። ከሰዓት በኋላ ክፍሌ ገብቼ አልጋዬ ላይ እቀመጣለሁ። ክፍሉ አንድ ነው። ወንበሩም አንድ ነው። ስለ እማዬ ሳስብ እሷ ወንበሩ ላይ፣ እኔ አልጋው ላይ ሆነን ነው የምንታየኝ።

የሚያስቀውን ልንገርዎት። የዕቃ ማንሻ መኪና የሚነዳው ሰው ምሳ ሰዓት ላይ «የናንተ ሰዎች ናቸው ሥራችንን የበሉት» ይለኛል። እኔም «ሰው በገዛ ቤቱ መወሰን አይችልም እንዴ? እናንተ ስትወስኑልን ልንኖር ነው?» ብዬ እነሳበታለሁ። የእርስዎን ንግግር ቃል በቃል ነው የምደግምለት። ሰሚው ሁሉ ማንኪያውን ያስቀምጣል። እዚህ አገር የ«እንውጣ» ኮሚቴ ቢቋቋም ተናጋሪዋ እኔ ነኝ፤ አባል ግን አይኖረኝም። ወደ ክፍሌ ስመለስ ደግሞ በሐሳቤ ወይዘሮ ሽሮፕን ሆኜ ከራሴ ጋር እከራከራለሁ። ብዙ ጊዜ እሷ ታሸንፋለች።

ታዲያ እማዬ ትምጣ ወይስ አትምጣ? አላውቅም። «ነይ» ስላት ለእሷ ብዬ ነበር የሚመስለኝ። አሁን ሳስበው «ለምን የበላሽበትን ሳህን አላጠብሽም» ብሎ የሚቆጣኝ ሰው ፈልጌ ነው። ጋሼ፣ እርስዎ «አትምጣ» እንዲሉኝ ጠብቄ ነበር፤ አሉኝም። ግን ያሉኝ ለክርክሩ ብለው ነው። «ለእሷ አስቤ ነው» የሚለው ከስንት መስመር በኋላ የመጣ ነው። ቆጥሬው ነበር፤ ቁጥሩን አልጽፍም።

አንድ ነገር ብቻ ያድርጉልኝ። የኔን ሁኔታ ይንገሯትና ምን እንደምትፈልግ ይጠይቋት። ያለችውንም ሳይጨምሩ፣ ሳያሳምሩ ይጻፉልኝ። እንደሚከብድዎ አውቃለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 9 ቀን

ለውድ የእህቴ ልጅ፣

ሰላምታውን ዛሬ አሳጥሬዋለሁ፤ ሳይጨምሩ፣ ሳያሳምሩ ይጻፉ ብለሽኛልና።

ከሰዓት በኋላ ነው። እናትሽ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ዘርግታ በጠመኔ አስምራ ትቆርጣለች። አዲስ ሶፋ ስለሌለ የአሮጌ ሶፋ ልብስ ነው የምትለውጠው። አጠገቧ ቆምኩ።

«እትዬ፣ እስቲ ንገሪኝ፤ ምንድን ነው የምትፈልጊው?»

መቀሷን አላቆመችም። «ዛሬ ገና ነው የምትጠይቀኝ?»

«ልጅሽ ሥራዋ ተቀንሶባታል። ግማሽ ቀን ነው የምትሠራው። ያላትም አንድ ክፍል ናት።»

አሁን መቀሷን አቆመች። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከኅዳር።»

«ከኅዳር» አለች። ጨርቁን በእጇ ዳበሰችው። «እኔ እኮ ላልሄድ ነበር። ደልቷታል፣ ሥራ ይዛለች፣ ሄጄ ምን አደርግላታለሁ ብዬ። ወረቀቱን ልመልስላት ነበር።»

ልጄ፣ አልዋሽሽም፣ ደስ አለኝ። አፌን ከፍቼ ‹አላልኩም?› ልል ነበር።

«ግማሽ ቀን ከሆነማ እሄዳለሁ» አለች።

«እትዬ! ሰው የሚሄደው ሥራ ወዳለበት ነው እንጂ!»

«ሥራ ፍለጋ መች ልሄድ ነው? ልጄ ጋ ነው የምሄደው። ግማሽ ቀን ብቻዋን ተቀምጣለች እያልከኝ ነው እኮ።» ከዚያ ከጨርቁ ጥቅል ውስጥ ወረቀቱን አወጣች። «እስክሪብቶህን አውሰኝ።»

አዋስኳት። ምን ላድርግ?

አሁን ነገሩ ገብቶሻል? መውጣታችን ማንንም አይጎዳም ብዬ ነበር። አንቺን ጎዳሽ። አንቺን ስለጎዳሽ እሷ ትሄዳለች። ዐይኔ እያየ በገዛ አፌ ነግሬ ሰደድኳት።

አውቶቡሱ ጥር 21 ማለዳ ይነሳል፤ በክርክሩ ማግስት። ለኮሚቴው ነገርኳቸው። ከዚያ ሊቀመንበሩ «ለጥየቃ ሄደች በል። ሁለት ሳምንት ቆይታ ትመጣለች በል» አለኝ። ንግግሬን እየጻፍኩ ነው። «ለጥየቃ» የምትለዋ ቃል ላይ ደርሼ ብዕሬ ቆሟል።

አጎትሽ


ጥር 15 ቀን

ጋሼ፣

ጤናዎን እየለመንኩ በአጭሩ እጽፋለሁ፤ ከክርክሩ በፊት እንዲደርስ። የፈለጉትን ይበሉ። እኔ አላፍርብዎትም። ወንበር አንድ ጨምሬያለሁ፤ የዕቃ ማንሻው ሾፌር ነው ያመጣልኝ፣ እየተሳደበ።

«ለጥየቃ» ግን አይበሉ። እማዬ ወደ አዳራሹ ከመጣች ትሰማለች።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 8 ቀን

ለውድ የእህቴ ልጅ፣

እናንተ ሁለታችሁ በአንድ ክፍል ሰላም ሁኑ። እናትሽ በደህና መግባቷን የምትገልጸው ካርድሽ ደርሳኛለች። እኔም ደህና ነኝ፤ የኮሚቴው ተናጋሪ ግን አይደለሁም። ነገሩን ከእናትሽ ሰምተሽ ይሆናል። እናትሽ ደግሞ ነገር ስትነግር ከሁለት ቃል ስለማታልፍ እኔ ልድገመው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የከተማው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ያወያያሉ። ወይዘሮ ሽሮፕ ቀድማ ተናገረች። የጨርቁን መወደድ አነሣች። የተዘጉትን ሱቆች አነሣች። ዕረፍት ላይ ያሉትን አናጢዎቼን አነሣች። እኔ ለእያንዳንዱ መልስ ነበረኝ፤ ወገኖቼም እግራቸውን እየመቱ ያደንቁኝ ነበር። የፈራሁት ግን አንድ ጥያቄ ነው፤ ‹እህትህስ የት ልትሄድ ነው?› የሚለውን። ሦስተኛ ረድፍ ላይ የተቀመጠው የኮሚቴው ሊቀመንበር ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ «ለጥየቃ፣ ለጥየቃ» ይለኛል።

አልጠየቀችኝም። ታውቃለች እኮ! ለመንገዱ የማቅለሽለሽ ክኒን የሸጠችላት እሷ ናት። አንድ አረፍተ ነገር ነበር የሚበቃት፤ ያን ብትለኝ እሷ ሁለተኛው ሶፋ ላይ እንደሰመጠችው እዚያው እሰምጥ ነበር። እሷ ግን ወረቀቷን አጠፈችና «ጨርሻለሁ» ብላ ተቀመጠች።

ይህ አናደደኝ። ከክርክሯ ይልቅ ዝምታዋ ነው ያናደደኝ። ተነሣሁና እንዲህ አልኩ፤ «የተከበሩ ተከራካሪዬ አንድ ነገር ረስተዋል። እህቴ ነገ ጠዋት ትሄዳለች። ለጥየቃ አይደለም። ልጇ ሥራ ተቀንሶባት ነው፤ የተቀነሰባትም እኛ ስለወጣን ነው።»

ሰው ሲያስል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ሦስተኛው ረድፍ በሙሉ ማሳል ጀመረ።

«ታዲያ እንመለስ ነው የምትለው?» አለ አንዱ ከኋላ።

«አላልኩም!» አልኩት። «ነገ ድምፅ ስጥ ብትሉኝ ያንኑ ነው የምሰጠው። ቤቴን ራሴ ማስተዳደር እፈልጋለሁ። ግን ማንም ምንም አይከፍልም ብያችሁ ነበር። ያን ያልኩት ሳላውቅ ነው። ይከፈላል። የምንከፍለው ምን እንደሆነ አውቀን እንክፈል ነው የምለው። የኔ ድርሻ ነገ ማለዳ አውቶቡስ ትሳፈራለች።»

ጭብጨባ ተነሣ፤ በየት በኩል መሰለሽ? በ«እንቆይ»ዎቹ በኩል! «እናንተን አልደገፍኩም፣ አቁሙ!» ብዬ ጮኽኩባቸው። ይባስ አጨበጨቡ። የኔዎቹ ደግሞ ኮታቸውን እየለበሱ ነበር። ሊቀመንበሩ በማግስቱ ምስጋና ያለበት የስንብት ደብዳቤ ላከልኝ። ምስጋናው ረጅም ነው።

አሁን ሶፋ ቤቱ ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ። አንዱ አናጢ ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል። ሞላ ገና ከጉምሩክ አልተነሣም። ወይዘሮ ሽሮፕ እንደ ድሮዋ ከምሳ በኋላ ትመጣለች፤ እንደ ድሮው እንከራከራለን፤ በአዳራሹ ስለዚያ ነገር ለምን ዝም እንዳለች አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልነገረችኝም። ግን የሆነ ነገር ጎድሏል፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ቀን ፈጀብኝ።

የእናትሽ ስፌት ትዝ ይልሻል? ከኋላ ሆና ትሰፋለች እንጂ ክርክራችን ውስጥ ገብታ አታውቅም። እኔ ግን የስፌት ማሽኗን ድምፅ እሰማ ነበር። የማይረባ ነገር ስናገር ፔዳሉን ትረግጠዋለች፤ ማሽኑ ይጮሃል፤ ቃሌም እዚያው ይቀራል። ደህና ነገር የተናገርኩ እንደሆነ ደግሞ ማሽኑ ዝም ይላል። ለስንት ዓመት እንዲህ ነበር የኖርነው። ተነጋግረንበት ግን አናውቅም። ወይዘሮ ሽሮፕም ታውቅ ነበር መሰለኝ፤ ማሽኑ ሲጮህ ፈገግ ትላለች።

አሁን ያሰኘኝን ብናገር የሚያቋርጠኝ የለም። ንግግሬ ይረዝማል። ልክ ይሁን ስህተት አላውቀውም።

ያን ምሽት አዳራሹ ውስጥ እናትሽ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ስናገር አየኋት። አዳራሹ ውስጥ ማሽን የለም። ወደ ቤት ስንሄድም ስለ ስንቋና ስለ ብርድ ልብሷ ብቻ ነው ያወራችው። ማለዳ አውቶቡሱ መስኮት ላይ ሆና «ቤቱን ዝጋ፣ ብርድ እንዳይገባ» አለችኝ፤ ያ ነው የመጨረሻ ቃሏ።

እና ልጄ፣ በዚህ ጊዜ ሞላም፣ ትራስም፣ ወሬም አልጠይቅሽም። ሳህኑን አጥበሽ ስትጨርሺ፣ ደስ ባላት ሰዓት፣ ቀስ ብለሽ ጠይቂልኝ። ያን ምሽት አዳራሹ ውስጥ ማሽኑ ቢኖር ኖሮ ትረግጠው ነበር?

አጎትሽ